የረውዳ ግራ እጅ

ቲቸር ፋሲካ አራዳ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ማስተማር ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። መጥፎ አስተማሪ ናት የሚላት የለም፤ እሷም ስለ ራሷ እንደዚያ አስባ አታውቅም ነበር። ረውዳን ግን አልቻለቻትም። ረውዳ የጨርቅ ነጋዴው የሸሪፍ ልጅ ናት፤ ቁመቷ ከዴስኩ እምብዛም አያልፍም፣ ጥያቄዋ ግን ማለቂያ የለውም።

«ቲቸር፣ የማሰሮ ውሃ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፤ የሃይላንዱ ለምን ይሞቃል?»

ፋሲካ መልሱን አታውቀውም። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞት መሰላት። «ነገ እናየዋለን» ትላለች። ያ ነገ ስንት ጊዜ ነግቶ መሸ።

አንድ ሰኞ ዳይሬክተሩ «ሐሙስ ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ» አሉ። ፋሲካም ልጆቹን ማለማመድ ያዘች። «ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የሚያውቅ ቀኝ፣ የማያውቅ ግራ። ግራ ያወጣውን አልጠራም፣ አትፍሩ።» ብልሃት መሆኑ ነው እንግዲህ። ከዚያ ረውዳን ለብቻዋ ጠራቻት። «አንቺ ብታውቂም ግራ አውጪ፣ እሺ? ከጀመርሽ አታቆሚም፤ ሰዓት ይሄድብናል።»

ልጅቱ «እሺ» አለች። ምን ትበል?

ሐሙስ ጠዋት ረውዳ ቦርሳዋን አቅፋ መጣች። ውስጡ ትንሽ ማሰሮና አንድ ሃይላንድ አለ፣ ሁለቱም ውሃ ተሞልቶባቸዋል።

«ትናንት እኩል ሞላኋቸው፤ ቲቸር፣ ይንኳቸው እስኪ።»

«ዛሬ አይሆንም። ዴስክ ስር አስገቢው።»

ትምህርቱ ሸጋ ሄደ። ሃምሳ እጅ ይወጣል፣ ፋሲካ ቀኝ ቀኙን እየለየች ትጠራለች። መጨረሻ ላይ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ደግ የሚመስሉ ሰው፣ «ጥያቄ ያለው ልጅ አለ?» አሉ። አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ የረውዳ ግራ እጅ። እንግዳው ወደ እሷ ሲዞሩ ፋሲካ ቀደመቻቸው።

«እሷ እንኳ ደከም ያለች ናት» አለች።

ምን አናገራት? እስካሁን አታውቀውም። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። እንግዶቹ አመስግነው ሄዱ። «በይ ረውዳ፣ አሁን አሳይን» ብትላት፣ ልጅቱ ለካ ውሃውን ደጅ ደፍታዋለች።

ከዚያ ወዲህ ፋሲካ ያላደረገችው የለም። ያቺን ቃል መልሳ መዋጥ ብትችል ደሞዟን ትሰጥ ነበር። መልሱን የሚያውቅ አስተማሪ ፈልጋ ተማረች፤ ከገበያ ማሰሮ ገዝታ፣ ውሃ ሞልታ፣ ከሃይላንድ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልጆቹ እየተጋፉ ነኩት። ረውዳ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«ለምን ቀዘቀዘ ትላላችሁ?» አለች ፋሲካ። «ቀኝና ግራው ቀርቷል። እኔም እስካለፈው ሳምንት አላውቀውም ነበር።» ክፍሉ ሳቀ፤ ልጆቹ በየፊናቸው መገመት ጀመሩ። 

«ረውዳ፣ ጥያቄው እኮ ያንቺ ነው። በይ አንቺ ጀምሪልን።»

ልጅቱ ብድግ አለች። ቁጣም ኩርፊያም ፊቷ ላይ የለም፤ ስሟን የተጠየቀች ትመስል ነበር።

«እኔ ደከም ያልኩ ነኝ፣ ቲቸር» አለች። «ሌላ ልጅ ይጥሩ።»