አራት ክዳን በረኪና

የልጅ ልጄን ከኮሌጅ ልታስባርሪያት የነበርሽው አንቺው ነሽ የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ከዚያን ቀን በፊት በመወልወያ እንጨት ነበር የምሸኘው።

በዚያ ኮሌጅ ሃያ ሁለት ዓመት ወለል ወልውያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ዶክተር የተባለው ሁሉ የሚረግጠው እኔ ያጸዳሁትን ነው። «እዚህ ጋ ቆሻሻ ቀርቷል» ያለኝ ሰው የለም። ካለም ዓይኑን ይታከም።

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ስትሞትብኝ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ከትንሽነቷ ጀምሮ የራሷ ዓመል ነበራት። ልብስ ስገዛላት አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ በመቀስ ካልቆረጥኩላት አትለብስም። ሰው ሲያናግራት ጫማውን እንጂ ፊቱን አታይም። ሁለት ሰው ባንዴ ካወራ ጆሮዋን ይዛ ከክፍሉ ትወጣለች። ጎረቤቶቼ «ምን ነካት?» ሲሉኝ «ምንም፤ የናንተ ወሬ ሰልችቷት ነው» እላቸው ነበር። ለራሴ ግን ቅብጠት ነው እል ነበር። አያት ያሳደጋት ልጅ ናታ!

ኮሌጅ ስትገባ መሬቱ አልበቃኝም። ደስታዬ ግን ወር አልሞላም። ኮሪደር ላይ ባልዲዬን ይዤ ስታየኝ ፊቷን አዙራ በሌላው ደረጃ ትወርዳለች። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ። ከሥራ ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ልብሴን ስቀይር ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። የሰው ዓይን ስለሌለ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ወለል በምትወለውል አያቷ አፈረች። ባጎረስኩ ተነከስኩ አልኩና ዋጥኩት። አልጠየቅኳትም፤ እኔ ፍቅር የምለምን ሴት አይደለሁም።

ከዚያ የመመረቂያ ሥራዋ መጣ። ያጠናችው አፈር ነው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ግድግዳ የሚያፈርስ አፈር። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መምህራን ፊት ቆማ ማስረዳት አለባት። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ደርሳ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረች ሮጣ ወጣች። ከሦስቱ አንዱ የሆነው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ሦስተኛ ከወጣሽ ትሰናበቻለሽ» አላት። አራት ዓመቷን ውኃ ሊበላው ነው። እኛ ጽዳቶች ይህን ሰውዬ «አቶ ደንብ» ነው የምንለው፤ ሲያነጥስም አንቀጽ ጠቅሶ ነው።

እኔ ምን ላድርግላት? አፈር አላውቅ። የማውቀው ወለል ነው። ልኩ ለአንድ ባልዲ አንድ ክዳን በረኪና ነው። ለመጀመሪያው ቀኗ ሁለት ክዳን ጨመርኩ። ለሁለተኛው ሦስት። ለሦስተኛው ጠዋት አራት! ወለሉን፣ ወንበሩን፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር ፈተግኩ። ንጹሕ ንጹሕ እንዲሸታት ብዬ መስኮቶቹን ዘጋሁ። እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሚፈራ ሰው ካለ አያት የለውም አልኩ።

ያ ሳምንት ግቢው በዓል ላይ ነበር። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ዳር ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ፊኛ ታስሯል፤ ቁም ሣጥን የሚያክል ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ይውላል። በዓሉ እንደ ልጄ አእምሯቸው በሌላ መንገድ ለሚሄድ ተማሪዎች ነው አሉኝ። የሚከበርላቸው ልጆች ግን ጩኸቱን ሸሽተው ዶርም ውስጥ በር ዘግተው ተቀምጠዋል። ሙሽራው የሸሸው ሠርግ!

ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ከተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ አንዲት ወጣት ሴት አብራት ነበረች። ልጄ በሩን ከፈተች፤ አንድ እግሯን አስገባች፤ ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለና ዞራ ወደ ውጭ ሮጠች። አቶ ደንብ ከውስጥ ሰዓቱን አይቶ «አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን» አለ።

ባልዲዬን ጥዬ ተከተልኳቸው። ልጄ ግንቡ ሥር ተቀምጣ ወደፊት ወደኋላ ትወዛወዛለች። የቢሮዋ ሴት አላቀፈቻትም፣ «አይዞሽ» እንኳን አላለቻትም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ አጠገቧ አስቀመጠችላት። ምን ዓይነት ጨካኝ ናት አልኩ። ልጄ ግን ደብተሩን አንስታ ጻፈች። ሴትዮዋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«በረኪና። ስገባ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ የማውቀው ሁሉ ይጠፋል። በመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። በሁለተኛው ባሰ። ዛሬ መተንፈስ አልቻልኩም።»

«ማነው ይህን ሁሉ በረኪና የሚያፈሰው?» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ።

«ማን ሊሆን?» አለ ተከትሎኝ የመጣው የሕንፃው ዘበኛ። «እትዬ ናቸዋ! ዛሬማ በሩን የከፈትኩት እያለቀስኩ ነው። ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሁለት መምህራን አጽናኑኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን አፉን አስይዘው ነበር። በገዛ እጄ! ለክቼ! ዓይን ልኩል ብዬ ዓይን አጠፋሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አልጠየቅሽኝም።»

«ኮሪደር ላይ ስታዪኝ የምትሸሺውስ?»

«በረኪና ትሸቻለሽ።»

«አፍረሽብኝ አይደለም?»

ጫማዬን አየችው።

«በምን?» አለች።

ልታጽናናኝ ብላ አይደለም፤ ማጽናናት አታውቅበትም። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። በምን ሊታፈርብኝ እንደሚችል ጨርሶ አልገባትም። አራት ዓመት በሆዴ ስከሳት ኖሬ፣ ፈርጄባት፣ ቀጥቻት፣ ክሱ በአንዲት ቃል ተናደብኝ።

ለመጸጸት ግን ጊዜ አልነበረም። ገብቼ አቶ ደንብ ፊት ቆምኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ክፍሉን በበረኪና መርዝ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ ይሁንላት።»

«አዝናለሁ እማማ፤ ደንብ ደንብ ነው። የተፈቀደው ይህ አዳራሽ ነው።»

በዕድሜዬ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ አላውቅም። አንዴ ብል መልሱ ይሄ ሆነ! ክንዱን ያዝኩና ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ።

«ያ ጨርቅ ምን ይላል?»

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተ ዶክተር ነህ። አንብብልኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ለሁሉም ዓይነት አእምሮ እዚህ ቦታ አለ› ነው የሚለው።»

«የት ጋ ነው ቦታው? አሳየኝና ልወልውለው።»

ከመምህራኑ አንዷ ሳቅ አመለጣት። ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች «እውነቱን ለመናገር እኛም እየታፈንን ነው» አለች። አቶ ደንብ ጨርቁን እንደገና አየው፤ ራሱ ያሰቀለው ሳይሆን አይቀርም፣ ጆሮው ቀላ። «እሺ፣ እንውጣ» አለ።

የአዳራሹን ወንበር አላስነካኋቸውም፤ በረኪና ጠጥቷል። ዘበኛው ከራሱ ክፍልና ከመጋዘን ያገኘውን ሰብስቦ ከሕንፃው ጀርባ ዛፍ ሥር ደረደረ።

«አሁን ደግሞ ሂድና ያን የሚጮህ ሣጥን አጥፋው» አልኩት።

«እትዬ፣ በዓል ነው እኮ!»

«ባለበዓሏ እዚህ ናት።»

ሄዶ አጠፋው። ጸጥታው ራሱ አስደነገጠኝ።

እኔ ከራስ እስከ እግሬ በረኪና ነኝና፣ ነፋሱ ሽታዬን ወደ እሷ በማይወስድበት በኩል ርቄ ቆምኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ አይደርሰኝም። መምህራኑን አላየቻቸውም፤ መሬት መሬት እያየች ነው የምታወራው። ታዲያ ያጠናችው መሬቱን አይደል? አንደኛው መምህር መጻፉን ተወና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያቺ የሳቀችው ወንበሯን አስጠጋች። ልጄ ተነሥታ የአዳራሹን የኋላ ግድግዳ ስንጥቅ በጣቷ ተከተለች፤ እኔ የሸረሪት ድር እየመሰለኝ ስንት ዓመት በመጥረጊያ ስገርፋት የኖርኩትን ቀጭን መስመር። ከታች ጀምራ እስከ ትከሻዋ ድረስ አሳየቻቸው። አቶ ደንብ ተነሥቶ ተንበረከከና ግድግዳውን ሥሩ ላይ በእጁ ዳሰሰው። ያ ሰው፣ በዚያ በተተኮሰ ሱሪው!

አርባ ደቂቃ ወሰደ። ከዚያ እሷን ወደ ጎን አድርገው ሦስቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ጠሯት፤ አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችና ወደ እኔ መምጣት ጀመረች። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች።

«አልፌያለሁ» አለች።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እጄን ዘርግቼ ተራመድኩ።

«እዚያው ሆነሽ አልቅሺ» አለች። «እዚህ ድረስ ይሸታል።»

እኔን የት ቆሜ እንደማለቅስ የሚያዝዘኝ ሰው ገና አልተወለደም እል ነበር። ተመልሼ ወደ ቦታዬ ሄድኩና፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።