ድዳው ጥርስ

ዳቦ ጋጋሪዋ ከኦርጋኑ ፊት ባለችው በርጩማ ላይ ዘፍ ስትል ማንም ልብ አላላትም። ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሎ ሌላ መቀመጫ አልነበረም። እንባዋን ልትጠርግ ጎንበስ ስትል ግን እግሯ አየር የሚነፋለት መርገጫ ላይ፣ ክርኗ ደግሞ ጣት የሚጫናቸው ጥርሶቹ ላይ አረፈ፤ ያ አሮጌ ኦርጋን በሐዘንተኛው መሃል እንደ ጠገበ በሬ «እምቧ!» አለ።

ዳቦ ጋጋሪዋ «በስመ አብ!» ብላ ስትነሳ በርጩማዋን ገለበጠቻት።

ቀድሞ የሳቀው ቄሱ ነው። ሚስቱን ትናንት የቀበረ ሰው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «እሷም ስብከቴ ሲረዝም እንዲሁ ነበር የምታደርገኝ።»

እውነቱን ነው። ሟች በባሏ ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት ኦርጋን ተጫውታለች። ቄሱ ስብከት ላይ መንገድ ሲስት፣ እሷ እግሯን በቀስታ መርገጫው ላይ አሳርፋ ኦርጋኑን «እፍፍ» ታሰኘዋለች። ያን ጊዜ ቄሱ «በመጨረሻም» ይልና ይጨርሳል። ይህን የማያውቅ ምእመን የለም፤ ስለዚህም ሳሎኑ ውስጥ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ።

«አይ እናንተ!» አለች አክስትየው፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ሠርግ ቤት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይኸው እየሳቀ ነው» አላት ቄሱ።

ሰዓት ሠሪው ብቻ አልሳቀም። የቄሱ ወንድ ልጅ ነው፤ ሻይ የሞላ ትሪ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከኦርጋኑ አልነቀለም። የዳቦ ጋጋሪዋ ክርን የተጫነው ስምንት ጥርስ ነው፤ የጮኹት ግን ሰባት ናቸው። ስምንተኛው ለምን እንዳልጮኸ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል።

ለገና ሦስት ቀን ቀርቷል። የቄሱ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በአንድ አጥር የተሠራ፣ ወለሉ የሚንቋቋ፣ በክረምት ግድግዳው የሚያልበው አሮጌ ቤት ነው። እናትየው በየዓመቱ ከአሮጌ ወረቀት ኮከብ እየቆረጠች ከጣሪያው ታንጠለጥል ነበር። ዘንድሮም አሥራ አንድ አንጠልጥላ፣ አሥራ ሁለተኛውን እየቆረጠች፣ መቀሱን እንደያዘች ወንበሯ ላይ አሸለበች፤ በዚያው አልነቃችም። አክስትየው ኮከቦቹ ይውረዱ ብትል ቄሱ እምቢ አለ። በእንግዶቹ ራስ ላይ እየተሽከረከሩ፣ ረዘም ያለ ሰው በተነሳ ቁጥር ግንባሩን ይመቱታል።

ኦርጋኑም የቤተ ክርስቲያኑ እርጥበት ይብሳል ተብሎ ከክረምት እስከ ገና ሳሎን ይቀመጣል። የገና ጧት አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ግቢውን አሻግረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያስገቡታል።

«ዘንድሮስ አይነካም» አለች አክስትየው።

«ገናን ያለ ኦርጋን ብንዘምር ከመቃብር ወጥታ ትቆጣናለች» አለ ቄሱ። «ታውቂያት የለ?»

ያን ጊዜ ሰዓት ሠሪው ሦስት ቀን ብቻ እንደቀረው ገባው።

ነገሩ የሆነው በስምንት ዓመቱ ነው። ዝናብ እየጣለ፣ እናቱ ታማሚ ልትጠይቅ ወጥታ፣ እሱ ብቻውን ቀርቶ ነበር። የኦርጋኑ ድምፅ የት እንደሚኖር ማወቅ ፈለገ፤ ሌላ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። የጀርባውን ሳንቃ በቢላዋ ጫፍ ፈታው። ውስጡ አቧራ፣ ጨርቅና እንጨት፤ በእንጨቱ ላይ ደግሞ ቀጫጭን የነሐስ ምላሶች ተደርድረው ታዩት። አንዷን በእህቱ የፀጉር ሽቦ ስቦ አወጣት። የጣቱን ግማሽ አታህልም። ሲነፋት ዘመረች። ደግሞ ነፋት፤ ደግማ ዘመረች። የእናቱ ኮቴ በረንዳው ላይ ሲሰማ ምላሷን ኪሱ ከተታት፣ ሳንቃውንም እንደነበረ ገጠመ። ነገ እመልሳታለሁ አለ። ነገ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነ።

በማግስቱ እናቱ ያን ጥርስ ስትጫነው «ቷ» አለ። እንጨት ብቻ። «አንዱ ደከመው» አለችና ስሙን ድዳው ብላ አወጣችለት፤ ማንንም አልጠየቀችም። የገናው መዝሙር ግን ከፍ ከፍ ብሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚያርፈው በዚያው ጥርስ ላይ ነው። እናትየው አንድም ቀን አላለፈችውም፤ በየዓመቱ ትጫነዋለች፣ በየዓመቱ «ቷ» ይላል። ምእመኑ መጀመሪያ ተደናበረ፣ ቀጥሎ ለመደ፣ ከዚያ ሕግ አደረገው። እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሁሉም አፉን ይዘጋል፣ «ቷ» እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ልጆቹም እንደዚያው ተማሩት። ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ እዚያ ላይ ብቻውን ሲጮህ እንደ ባለጌ ይታያል።

ለሰዓት ሠሪው ግን ያቺ «ቷ» በየገናው ትከሻውን መታ የምታደርገው ጣት ነበረች።

ማታ፣ ገና መብራት ሳይበራ፣ እህቱን ወጥ ቤት አገኛት። ብርጭቆ እያጠበች ነው።

«እታለም፣ ኦርጋኑን የሰረቅኩት እኔ ነኝ።»

«ኦርጋኑ ሳሎን ነው ያለው» አለች ቀና ሳትል።

«ምላሱን ነው የምልሽ። የድዳውን።»

ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ውሃው ውስጥ ገባ። «አንተ ነህ? የፀጉር ሽቦዬንም?»

«ሽቦሽንም።»

«እኔ ድመቷ ወሰደችው ብዬ ያቺን ምስኪን ስረግም ኖርኩ እኮ! ለእማዬ ለምን አልነገርካትም?»

«ልነግራት ነበር።»

«መቼ?»

«ዘንድሮ። ለገና።»

እህቱ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። በዚህ ቤት ሰዓት ሠሪው መጣ ማለት ማዕዱ ተነስቷል ማለት ነው። የአገሩን ሰዓት ሁሉ ያስተካክላል፤ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሃያ ሰዓቶች ግን ሃያ ዓይነት ጊዜ ይናገራሉ፣ እሱም በሃያ አንደኛው ነው የሚሄደው።

«ለገና ቦታዋ መግባት አለባት» አለ። «አለዚያ ሌባ ሆኜ ቀረሁ። ይቅርታ የምጠይቃት ሌላ መንገድ የለኝም።»

«ሳሎኑ በሰው ተሞልቶ?»

«ሰው ሳይመጣ፣ ማለዳ ነው የምሠራው።»

«አንተ? ማለዳ?» አለችና አሁን ሳቀች።

እንደፈራችው ሆነ። በማግስቱ ምላሷን ከሱቁ መሳቢያ፣ ከከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አውጥቶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ሲመጣ ረፍዷል። ከኦርጋኑ ጀርባ በደረቱ ተኝቶ ብሎኖቹን እንደፈታ በሩ ተንኳኳ። እግሩን ለመሰብሰብ እንኳን ጊዜ አላገኘም።

ቀድሞ የገባው ደወል ደዋዩ ነው፤ ከደወሉ ብዛት ጆሮው የደነዘዘ፣ ሲያንሾካሹክ እንኳን የሚጮህ ሽማግሌ። ከኦርጋኑ ጀርባ የወጡትን ሁለት እግሮች አየ።

«ይሄ ማነው?»

«ወንድሜ ነው፣ ጋሼ» አለች እህቱ። «ሐዘኑ… ጣለው።»

ሽማግሌው ቁና ቁና እየተነፈሰ ተንበረከከና የሰዓት ሠሪውን ቁርጭምጭሚት ያዘ። «አይዞህ የኔ ልጅ! እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ አልጋ ሥር ገብቼ ነበር!»

«እሺ ጋሼ» የሚል ድምፅ ከጀርባ ወጣ። ሰዓት ሠሪው አፉ ውስጥ ሁለት ብሎን ስለያዘ ነገሩ ሲቃ መሰለ።

«አያችሁ? አንደበቱ ተዘጋ!»

ዳቦ ጋጋሪዋ ይህን ስትሰማ አዲስ ለቅሶ ጀመረች። አክስትየው እንኳን ከንፈሯን መጠጠች። «እኔ ደግሞ ግድ የለሽ ነው ብዬ ሳማው፤ ይቅር ይበለኝ።» እየመጣ የሚሄደው ሁሉ እግሩን መታ መታ እያደረገ አጽናናው። አንዲት ሴትዮ ካልሲውን ወደ ላይ ሳበችለት። እስከ ምሳ ድረስ እንዲሁ ተኛ።

ግን ምላሷ እምቢ አለች። እንጨቱ በሃያ ሰባት ክረምት እርጥበት አብጦ ቦታዋን አጥብቦታል። በኃይል ቢገፋት ትታጠፋለች፤ ከታጠፈች ደግሞ አበቃላት። የዚያን ቀን ተዋት።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ለመዝሙር ልምምድ ሲወጡ፣ ለሴት የእጅ ሰዓት የሚጠቀምባትን ቀጭኗን ሞረድ ይዞ ተመለሰ። አንዴ ይሞርዳል፣ እፍ ይላል፣ ይለካል። ደግሞ ይሞርዳል። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ሲደርስ ምላሷ ሸርተት ብላ ገባች።

«ገባ?» አለ አንድ ድምፅ።

ቀና ሲል ጭንቅላቱ ከሳንቃው ጋር ተጋጨ። አባቱ ኦርጋኑ ላይ ተደግፎ ወደ ታች ያየዋል።

«ምኑ፣ አባባ?»

«ምላሱ ነዋ።»

ሰዓት ሠሪው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ታውቅ ነበር?»

«እኔ ቄስ ነኝ፤ ካልነገሩኝ ምን አውቃለሁ። እናትህ ናት።» ቄሱ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለ። «ያን ዕለት ራት ላይ ጭማሪ ሳትጠይቅ ተነሳህ። ‹ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሠርቷል› አለችኝ። እንቅልፍ ሲወስድህ እጅህን አሸተተች፤ ነሐስ ነሐስ ይላል። ማግስቱን ጥርሱ ዝም ሲላት ገባት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም?»

«እኔም እንዲሁ ብያት ነበር። ‹ብጠይቀው ይሰጠኛል፤ እኔ የምፈልገው እንዲያመጣው ነው› አለች። በኋላ አንድ ኦርጋን ጠጋኝ መጥቶ አዲስ ልግጠምልሽ ሲላት ደግሞ ‹ይቅር፣ ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው› ብላ መለሰችው።»

«ሃያ ሰባት ዓመት መንገድ ላይ?»

«‹ረዘመ እኮ› ስላት ‹ሰዓት ሠሪ አይደል? ይደርሳል› ትለኝ ነበር።» ቄሱ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ መሐረብ ፍለጋ እጁን ኪሱ ከተተ። «ነገ አንተ ትጫወታለህ።»

«አባባ፣ ከእሷ የተማርኩት አንድ መዝሙር ብቻ ነው።»

«ነገ የሚያስፈልገን አንድ መዝሙር ብቻ ነው።»

የገና ጧት አራቱ ሰዎች ኦርጋኑን ተሸክመው ሲወጡ አንድ የወረቀት ኮከብ ክዳኑ ላይ ወድቆ አብሮ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። ቄሱ ስብከቱን በደህና ጀመረ፤ ከዚያ በግ ፍለጋ ገባ፣ ከበጎቹ ወደ እረኞቹ፣ ከእረኞቹ ወደ ልጅነቱ፤ መንገዱ ጠፋበት። ቆመ። እንደ ልማዱ ወደ ኦርጋኑ ዞሮ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ምእመኑ ሁሉ አቀረቀረ።

ሰዓት ሠሪው እግሩን መርገጫው ላይ በቀስታ አሳረፈ። «እፍፍ» አለ ኦርጋኑ።

«በመጨረሻም!» አለ ቄሱ፣ ፊቱ በርቶ። ሳቁ እስከ በሩ ድረስ ሄደ።

ከዚያ መዝሙሩ ተነሳ። ከፍ፣ ከፍ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሁሉም እንደ ሕጉ አፉን ዘጋ፣ «ቷ»ን ጠበቀ። ሰዓት ሠሪው ድዳውን ተጫነው። በዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል ቀጭን፣ ትንሽ ሻካራ፣ እንደ ሕፃን የጠራ ድምፅ ብቻውን ወጣ።

«ማነው እሱ?» ብሎ ደወል ደዋዩ ጮኸ።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እኩሌታው ዘመረ፣ እኩሌታው ዝም አለ፤ አክስትየው ሁለቱንም ሞክራ ትን አላት። ሦስተኛው ላይ ግን ማንም ማንንም ሳያማክር ሁሉም እንደገና ለምላሷ ዝም አለላት። ብቻዋን ዘመረች። እህቱ ከፊት ወንበር በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ሕዝቡ እንኳን አደረሰህ እንኳን አደረሰሽ እየተባባለ ወደ ግቢው ወጣ። እህቱ ከበሩ ተመልሳ ጮኸች። «ና እንጂ! ማዕድ ቀርቧል፤ ዛሬ እንኳን በሰዓቱ ድረስ!»

«መጣሁ» አለ።

አልተነሳም። ሁለቱንም እግሩን ከመርገጫው አንስቶ በርጩማዋ ሥር አጣጠፋቸው። ኦርጋኑ ውስጡ የቀረችውን ትንፋሽ አውጥቶ እስኪጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ድዳውን በአንድ ጣት ተጫነው።

«ቷ» አለ፤ እንጨት ብቻ። ጣቱን ሳያነሳ ትንሽ ቆየ።