ያልታወቀ መሣሪያ

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ኢንጂነሩ» ይሉታል። ለክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ ሹፈት ነው። መቀሱን እያንቀጫቀጨ ስለ ራውተርና ስለ ዋይፋይ መተንተን ከጀመረ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስለ ጆሮው መጸለይ ነበረበት። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጭራሽ አፉን ሞልቶ ቃል ገባ። የድሮ የእግር ኳስ ጨዋታዎችን ሙሉ ስብስብ፣ በልጅነታቸው በሬዲዮ ብቻ የሰሟቸውን ሳይቀር፣ በቶረንት አውርዶ ማክሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ባለው ቴሌቪዥን ሊያሳያቸው።

«ማክሰኞ ካላየን ሁላችንንም በነፃ ትላጫለህ» አሉት።

«እሺ» አለ ደረቱን ነፍቶ። ይቺ «እሺ» ናት ጣጣ ያመጣችው።

ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ሚስቱ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ስለሆነች በጠዋት ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ቤት የቀሩት እሱና አማቱ ናቸው። አማቱ የልብ በሽታ አለባቸው፤ አንዳንዴ ምቱ ይዘገይና ራሳቸውን ይስታሉ። ለዚህ ሲባል ከክሊኒክ አንዲት ነርስ መጥታ እጃቸው ላይ አምባር የመሰለ ነገር አስራላቸዋለች፤ አልጋቸው አጠገብም ነጭ ሳጥን አስቀምጣለች። ሳጥኑ ራሱ ድምፅ የለውም። የልባቸው ምት ሲወርድ በቤቱ ዋይፋይ አድርጎ ለሚስቱ፣ ለእሱና ለነርሷ ስልክ መልእክት ይልካል፤ የሚጮኹት ስልኮቹ ናቸው። አረንጓዴ መብራቱ ከበራ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። ሚስቱ እናቷን ትታ ሥራ የምትውለው ይህችን መብራት አምና ነው። ሳጥኑ የተገጠመ ዕለት ኢንጂነራችን የሰው ፀጉር እየቆረጠ ስለነበር፣ በምን ስም ከቤቱ ዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ አላየም። በኋላም አልጠየቀም።

ኮምፒውተሩን ሲከፍት ፋይሉ እየተንፏቀቀ ነበር። በዚያ አያያዙ እንኳን ለማክሰኞ ለከርሞም አይደርስ። እጅጌውን ሰበሰበ። በቶረንት የሚወርድ ነገር ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ከብዙ ሰው ኮምፒውተር ቁርጥራጩ እየተለቀመ ነው የሚሞላው፣ ተቀባዩም የደረሰውን ለሌሎች ያካፍላል። መጀመሪያ የሚገናኛቸውን ሰዎች ቁጥር ከፍ አደረገው፤ ራውተሩ ተጨናንቆ ጭራሽ ባሰበት። መልሶ ቀነሰው። ለሌሎች የሚያካፍለውን መጠን ገደብ አበጀለት፤ ትንሽ ተነቃቃ። ከዚያ ራውተሩ ላይ ገብቶ ለቶረንቱ ብቻ የሚሆን በር፣ ፖርት የሚሉትን፣ ከፈተለትና ራውተሩን አጥፍቶ አበራው። ስልኩ ጢጥ አለ። «ሳጥኑ ግንኙነቱ ተቋርጧል» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «ሳጥኑ ተገናኝቷል» አለ። ራውተር ሲጠፋና ሲበራ የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ሁለቱንም በጣቱ ጠረጋቸው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ ባልኖረ። ግን እጁ ማረፍ አያውቅም። ከራውተሩ ጋር የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፈተ። የእሱ ስልክ አለ፣ የሚስቱ አለ፣ ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ አሉ። ከእነሱ ሥር ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው የማያውቀው ሰው ስልክ ነው። ሁለተኛው «ያልታወቀ መሣሪያ» ይላል፤ ከጎኑ የፊደልና የቁጥር ግርግር።

«ሌቦች!» አለ ለብቻው ጮክ ብሎ።

ኢንተርኔት ሲዘገይ መጀመሪያ የሚሰርቅህን ፈልግ እያለ ደንበኞቹን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። አሁን ሌባው፣ ያውም ሁለት ሆኖ፣ እጁ ገባለት። ሁለቱንም አገዳቸው። ወዲያው ስልኩ ጢጥ አለ፤ ያው የቅድሙ ነው ብሎ ሳያነብ ጠረገው። ፋይሉም መሮጥ ጀመረ። የፈጠነው የተከፈተለትን በር አሁን ገና ስላገኘ ነበር። እሱ ግን ሌቦቹን ስላባረርኩ ነው አለ፤ ደስታው ልክ አልነበረውም።

ከዚህ በላይ ለማፍጠን የቀረው በዋይፋይ ፈንታ ወፍራም ገመድ መሳብ ነው። ጃኬቱን ደረበ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ አማቱ ከክፍላቸው ተጣሩ።

«ልጄ፣ ይቺ መብራት ቀይ ሆነችሳ?»

«ኔትወርክ እያስተካከልኩ ነው እማማ። ራሷ ትመለሳለች።»

«አንተ ካልክ እሺ።»

በሩን በደንብ ሳይዘጋ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ይርቃል። ሻጩ ወሬ የሚወድ ሰው ነበርና ሁለቱ ተገናኙ። ሰማያዊው ገመድ ይሻላል ወይስ ግራጫው፣ ጫፉ በወርቅ የተለበጠው በእርግጥ ይለያል ወይስ ለማታለያ ነው፣ ይህንን ሲከራከሩ ጊዜው ሄደ። ገመዱን በክንዱ እየለካ ሳለ ሚስቱ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ቅርብ ነኝ። ምነው?»

«የእማዬ ሳጥን ተቋርጧል ይለኛል። መብራት ሄዶ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ስደውልላት ግን አታነሳም። ስንቴ ደወልኩ መሰለህ!»

«ተኝተው ይሆናላ።»

«እማዬ ቀን ተኝታ ታውቃለች? መብራቱ አለ ወይስ የለም? ቤት አይደለህም እንዴ?»

ያ ዝርዝር ዓይኑ ላይ መጣ። ያልታወቀ መሣሪያ። የፊደልና የቁጥር ግርግር። ቀይ ሆነችሳ። ክው አለ። ሻጩ የሚያወራው ከሩቅ ይሰማው ጀመር።

«እየደረስኩ ነው» አለና ስልኩን ዘጋ። ለሚስቱ እንኳ እውነቱን ለመናገር ፈራ።

ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። መንገዱ ላይ ቆሞ በስልኩ የራውተሩን ገጽ ለመክፈት ሞከረ፤ እገዳውን ከዚሁ ሆኖ ሊያነሳ። እምቢ አለው። ከቤት ውጪ ሆኖ ማንም እንዳይገባበት፣ ለሌባ እንዳይመች ብሎ፣ ከወር በፊት የዘጋው ራሱ ነው። አማቱ ጋ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። እባክዎ እማማ፣ እባክዎ፣ አለ መንገደኛው እየሰማው። ስልኩ እስኪዘጋ ጠራ።

አውቶቡሱ አልመጣም። መቆም አቃተው፤ ሮጠ። መሮጥ ከተወ ዘመን አልፎታል፤ ጎኑን ወጋው፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ፈርቷል። እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም። እየሮጠ የሚያየው የአማቱን ፊት አልነበረም፤ የሚስቱን ነው። አንድ ነገር ሆነው ቢያገኛቸው፣ ሚስቱ ያቺን መብራት ማን እንዳጠፋት በጠየቀች ጊዜ ምን ሊል ነው? የድሮ ኳስ ጨዋታ ፈጥኖ እንዲወርድልኝ ብዬ ነው ሊል ነው? መልሶ ደግሞ በራሱ አፈረ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ወድቀው ይሆናል፣ እሱ መልስ ያዘጋጃል።

ሕንፃው ጋ ደረሰ። የደረጃውን ብረት እየጎተተ ወጣ። የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሳይዘጋው እንደወጣ ትዝ አለው፤ ግን እንዲህ ወለል አድርጎ አልተወውም። ሰው ገብቷል። አልያም እሳቸው እየዳኹ ወጥተዋል። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «እማማ?» አለ።

«እዚህ ነን! ቶሎ ና!»

የሕንፃው ምድር ቤት የምትሠራው ጎረቤታቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ የአማቱ አልጋ ሥር ተቀምጣለች፤ የአማቱን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋለች። አማቱ ከንፈራቸው ግራጫ ሆኗል። ዓይናቸው ግን ይርገበገባል። ይተነፍሳሉ። ኢንጂነሩ ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

«አምቡላንስ መንገድ ላይ ነው» አለችው። «ቆይ፣ አንተ ነህ ኢንተርኔቱን የቆረጥከው?»

«እ?»

«እማማ ናቸው የይለፍ ቃሉን የሰጡኝ። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣሁ አጫውታቸው የለ፤ ብቻሽን ከምትቀመጪ ተጠቀሚበት ብለውኝ። ዛሬ የደንበኛ ቀሚስ ሞዴል እያየሁ ድርግም አለብኝ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ምነው ተቀየማችሁኝ ልል ተናድጄ ወጣሁ፤ በሩ ክፍት፣ እሳቸው መሬት ላይ።»

ሌባው ይህች ነበረች። ያ የማያውቀው ስልክ የእሷ ነው። ባያግዳት ኖሮ ወደ ላይ የሚያወጣት ጉዳይ አልነበራትም፤ ሳጥኑን ባያግደው ደግሞ እሷ መድረስ አያስፈልጋትም ነበር። አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተው።

አልጋው ላይ የተቀመጠው የልብስ ሰፊዋ ስልክ ተናገረ። የክሊኒኳ ነርስ ናት፤ ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ደውላላት መስመሩን አልዘጋችም።

«ማነው የገባው? ሳጥኑ ከመስመር ውጪ ነው የሚለኝ። አገናኙልኝ፤ የልባቸውን ምት ማየት አለብኝ፣ ለሚመጡት ልንገራቸው።»

ተነስቶ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ማያው ላይ «ወርዶ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተቀምጧል። እንዲያ የተፎከረበት ነገር ደርሷል፤ ሳያነበው ዘጋው። የይለፍ ቃሉን ተሳስቶ ጻፈ፣ ደገመው። የታገዱት ዝርዝር ተከፈተ፤ ሁለቱ ስሞች እዚያው አሉ። ሁለቱንም ለቀቃቸው።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ መብራቷ አረንጓዴ ሆናለች።

«አየሁት» አለች ነርሷ። «ዝቅ ብሏል፤ ግን አለ። እንዳታነሷቸው፣ እንደተኙ ይቆዩ።»

አማቱ አጠገብ ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ። ቀዝቅዟል። ሊያለቅስ ትንሽ ቀርቶት ሳለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ማቆሚያ አጣ።

አወጣው። ሳጥኑ በታገደበት ጊዜ ሁሉ መልእክቱን መጻፍ አላቆመም ነበር፤ የሚወጣበት ስላጣ ብቻ አጠራቅሞት ቆየ። አሁን መንገድ ሲከፈትለት ሁሉንም ባንዴ ለቀቀው። «የልብ ምት እየወረደ ነው።» ከጎኑ የተጻፈው ሰዓት እሱ አውቶቡስ ውስጥ የነበረበት ነው። «የልብ ምት በጣም ወርዷል።» ያኔ ከሻጩ ጋር ስለ ወርቅ ቅብ ጫፍ ይከራከር ነበር። «ታካሚዋ ወድቀዋል። እባክዎ ይድረሱላቸው።» ከእሱ በኋላ ያው ቃል፣ እየተደጋገመ። እባክዎ ይድረሱላቸው። እባክዎ ይድረሱላቸው።

አማቱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«የእርስዎ ሳጥን ነው፣ እማማ።»

«አሁንማ ሰው አለ አጠገቤ» አሉ፤ ድምፃቸው ከትንፋሽ አይበልጥም። «ምነው አሁን ይጮሃል?»

የስልኩ ማያ ተለወጠና የሚስቱ ስም መጣ። እሷም ጋ ያ ሁሉ መልእክት፣ ከነሰዓቱ፣ ደርሷል ማለት ነው። አነሳው።

«እኔ ነኝ ያገድኩት» አለ፣ ገና ምንም ሳትጠይቀው። «በሕይወት አሉ። ሳጥኑን ያገድኩት ግን እኔ ነኝ።»

አማቱ እጃቸውን ከእጁ ውስጥ ሳያወጡ አዩት።

«ቀይ ሆነች ብዬህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉት።