መሣሪያ ቁጥር 214

«ለጥገና ክፍል ሠራተኞች በሙሉ! ለሰባት ወራት ያለ ዓመት ፈቃድና ያለ አንዲት የቅሬታ ደብዳቤ ስኳራችንን ስታማስል የኖረችው የሻይ ማንኪያችን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የገባችበት አለመታወቁን ስንገልጽ ሐዘናችን ጥልቅ ነው።»

ይህን በአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር በር ላይ የለጠፈው መካኒክ ቀልዶ ነበር። ፕሮፌሰር ግን አንብባ ሳትጨርስ ወደ መሣሪያ መስቀያው ሮጠች። ፕሮፌሰር ያሏት ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ በቀጥታ ሞተር ስር ስለገባች ነው። ማንኪያዋ በየሳምንቱ እየጠፋች ብታስቸግራት፣ 214 የሚል ቁጥር ቀርጻባት በሥራ መሣሪያዎች መዝገብ ያስገባቻት እሷው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ማንም ደፍሮ አልነካትም። እዚህ ቤት ሞተር ከተነካ በኋላ መሣሪያ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አንድ ከጎደለ አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም። ሞተር ብረት ከዋጠ አይተፋም፤ እየፈጨ ራሱም ይፈጫል።

የዘጠኝ ሰዓቱን በረራ ሞተር ጠዋት ከፍተው፣ ቀጭኗን የካሜራ ገመድ አስገብተው ቢያዩት እንከን አልነበረውም። መሣሪያው ሲቆጠር ግን ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። እሳቸው ሳይፈርሙ አንድም አውሮፕላን ስለማይወጣ ጋሼ ፊርማ የተባሉት ሽማግሌው ተቆጣጣሪ መዝገቡን ጥርቅም አደረጉት።

«ጋሼ፣ ማንኪያ እኮ ናት!»

«ማንኪያ የሚል አላየሁም። መሣሪያ ቁጥር 214 ይላል። የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«እጅሽ ይባረክ። ሞተሩን መልሳችሁ ክፈቱ!»

ጉዱ፣ በዚያ አውሮፕላን የምትሳፈረው የፕሮፌሰር እናት ነበረች። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምናታለች። «ሁለት ሞተር አለው እማዬ፤ አንዱ ቢቆም በአንዱ ያርፋል።» «አንዱስ ለምን ይቆማል?» «በመቶ ሺህ ሰዓት አንዴ ቢቆም ነው።» «እኔን የሚጠብቀው ያ አንዴው ነዋ!» በመጨረሻ ሩቅ ከተማ የልጅ ልጅ ተወለደና አንጀቷ አልችል አለ። ቢሆንም ቃል አስገብታለች፤ በረራው አንድ ሰዓት ከዘገየ ፈጣሪ ተመለሺ ማለቱ ነው፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ።

ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«አንቺ! ሞተሩ ታሟል አይደል?»

ፕሮፌሰር «ጥቃቅን ማጣራት» ልትል አፏን ከፈተች። ግን እናቷ ውሸቷን ገና ከትንፋሿ ታውቀዋለች።

«ማንኪያ ጠፍቶብን ነው።»

«የምን ማንኪያ?»

«የሻይ። ሞተሩ ውስጥ እንዳትሆን እየፈለግን ነው።»

«ገብታለች?»

«አይመስለኝም። ግን እስክናገኛት አይፈረምም።»

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትፈልጉት?»

«አሥራ አንድ።»

 ፕሮፌሰር በስልኩ ውስጥ የሻንጣ ጎማ ወደ መውጫው ሲንኳኳ የሰማች መሰላት። ከዚያ ግን እናቷ በሳቅ ፈረሰች።

«ወይ ጉድ! እኔ ቤት ደርዘን ሙሉ ማንኪያ ጠፍቶ አንዳችሁም አጎንብሳችሁ አላያችሁልኝ! በሉ ፈልጉ፤ ተረጋግታችሁ ፈልጉ። ለማንኪያ አውሮፕላን የሚያቆም ሰው እኔን አይጥለኝም። እስኪመሽም ቢሆን እጠብቃለሁ።»

የሁለት ዓመቱ መቶ ሺህ ያልሠራውን አንዲት የሻይ ማንኪያ ሠራችው።

ካሜራዋ እንደ ማራገቢያ የተደረደሩትን የሞተሩን የብረት ምላሶች አንድ በአንድ ዳግም ዞረች፤ ምንም የለም። ጋሼ ፊርማ ስክሪኑን በቅርብ ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ከደረት ኪሳቸው አንድ ነገር ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ «ቅጭል!» አለ።

አሥራ አንድ ሰው ወደ መሬት አየ። የሳቀ አልነበረም፤ ለመሳቅ ገና ፊርማቸው ያስፈልጋል። ጋሼ ማንኪያዋን አነሷት፣ በመሐረብ ጠረጓት፣ ቦታዋ ላይ ሰቀሏት። ሞተሩ ተዘጋ፣ ተፈረመ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ እናትየውን ይዞ ሽቅብ ሲነጠቅ ሃንጋሩ በጭብጨባና በታፈነ ሳቅ ተናወጠ።

ፕሮፌሰር መዝገቡን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ‹የተገኘበት ቦታ› የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?»

«ኪስ።»

«የማን?»

«የእኔ! ስሜን በደንብ አድርገሽ ጻፊው።»

«እሺ፣ ‹ምክንያት›?»

ጋሼ ፊርማ ኮታቸውን ቆለፉ።

«እንዳትጠፋ ብዬ ደብቄያት፣ ረሳኋት።»