የጠንቃቃው ሹፌር ድምፅ

ከቅዳሜ በስተቀር ጉልላት የሚስቱና የሚነዳው አባዱላ ሚኒባስ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን የወላይታ ሶዶ ሕዝብ ሁሉ ይካፈለዋል። «መሪና መንገድ» የተባለው የጎህ ኤፍ ኤም የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም የመግቢያ ሙዚቃውን ሳይጨርስ ጉልላት ስልክ ይመታል። አዘጋጇ ሳምራ ድምፁን ገና ስትሰማ «ጋሽ ጉልላት፣ የኛ ጠንቃቃ ሹፌር!» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ እሱን የሚያስቆም የትራፊክ ፖሊስ አልተፈጠረም።

ሞተረኞች ከመንጃ ፈቃድ በፊት የንስሐ አባት ያስፈልጋቸዋል ይላል። የባጃጅ መስታወት ለጸጉር ማበጠሪያ አልተሠራም ይላል። ስልክ እየጎረጎረ የሚነዳው ደግሞ ከሰካራም ይብሳል ይላል፤ «ሰካራሙ አጥርቶ ባያይም መንገዱን ያያል እኮ!» ሳምራ ትስቃለች፣ መናኸሪያው ይስቃል፣ ሚስቱ ፈጠነችም መናኸሪያው በር ላይ ካለችው የጫማ ሱቋ ሆና ሬዲዮኗን ከፍ አድርጋ ትስቃለች። ባሏ አፉ አያርፍም እንጂ ሥራው እንከን የለውም፤ ይህን ያህል ዘመን ከሶዶ በዴሳ ሲመላለስ ዶሮ እንኳ አልገጨም። በዚህ ብትኮራ ምን ይፈረድባታል!

ፕሮግራሙን ስፖንሰር የሚያደርገው ቀንዲል ሞባይል የሚባል ስልክ አስመጪ ድርጅት ነበር። ይህ ነገር አልዋጥ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የፈጠነች ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡት መምህር ወልደመስቀል። «ስልክ ሻጭ ስለ ስልክ አደጋ ከኪሱ ከፍሎ የሚያስተምረው ለነፍሱ አስቦ ነው?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቴክኖሎጂ አይወዱም» ይላቸዋል ጉልላት።

«ቴክኖሎጂ አልጠላም። ማን እንደሚያጎርሰኝ ሳላይ አልውጥም ነው የምለው።»

ጉልላት ግን ዋጠ። ድርጅቱ ከአዲስ አበባ ሰዎች ልኮ «የዓመቱ ጠንቃቃ ሹፌር» ብሎ ሲሸልመው ሱፍ ለብሶ ነው የሄደው። ሽልማቱ ጆሮ ላይ የሚሰካ፣ ገመድ የሌለው ማዳመጫ ነበር። በዚያው ስቱዲዮ አስገብተው ድምፁን ቀዱት፣ አስፈረሙት። ማስታወቂያው መጀመሪያ የተሰማ ቀን ፈጠነች ሱቋ ውስጥ እልል አለች።

«ስልክ በእጁ ይዞ የሚነዳ ሰው ይገድላል» ይላል የጉልላት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ አባት ልጁን እንደሚመክር። «የሰው ልጅ መለዋወጫ የለውም። እኔ እጄ ከመሪው፣ ዓይኔ ከመንገዱ አይነሳም። እናት ቤቷ ሆና ልጇን ትጠብቃለቻ!» ከዚያ ሙዚቃ ይገባል፤ ከዚያ የአንዲት ሴት ቀጭን ድምፅ፣ «ቀንዲል ማዳመጫ! እየነዱ ያውሩ፣ በሰላም ይግቡ።» ስሙ አይጠራም፤ ሶዶ ውስጥ ግን ያንን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ?

እጁ ባዶ ከሆነ ስልክ አልያዝኩም ብሎ አመነ። እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሬዲዮ ጣቢያውም አመነ፣ ተሳፋሪውም አመነ፣ ሚስቱም አመነች። ከዚያ ወዲህ እየነዳ ቢደውሉለት «አይዞህ፣ ጆሮዬ ላይ ነው» ይላል፤ ደዋዩም ይረጋጋል።

ሐምሌ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ያረፈደበት አንድ ቅዳሜ ጉልላት ሳይደውል ቀረ። ተሳፋሪ ጭኖ ወደ በዴሳ እየወረደ ነበር። ሳምራ ራሷ ደወለችለት፤ ያውም በቀጥታ ሥርጭት።

«ጋሽ ጉልላት፣ ዛሬማ ጠፉብን! መንገድ ላይ ነዎት እንዴ?»

«መንገድ ላይ ነኝ። አይዞሽ፣ የሸለማችሁኝ ጆሮዬ ላይ ነው፤ እጄ ከመሪው አልተነሳም።»

«ይኸው አድማጮቻችን፣ ቴክኖሎጂ ማለት ይህ ነው!»

ፈጠነች ለአንዲት ገበያተኛ ጫማ እያስለካች ነበር። «የኔ ባል ነው» አለቻት፣ በአገጯ ወደ ሬዲዮኑ እያመለከተች። ጉልላት ስለ ሞተረኞች ጀምሯል። በዝናብ ሰው አፈናጠው እንዴት እንደሚበሩ ያወራል፣ ሳምራ ትስቃለች፣ እሱም ሳቋ ደስ ብሎት ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «አሁን እንኳ ይኸው አንዱ ከፊቴ...» አለ። ንግግሩን አልጨረሰውም። መጀመሪያ የሴት ተሳፋሪ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የብረት ድምፅ፤ ከዚያ ባሏ «ወይኔ! ወይኔ!» ሲል ሰማችው። ወዲያው ሙዚቃ ለቀቁ። ሙዚቃው ሲያልቅ ሳምራ የኔትወርክ ችግር ስላጋጠመን ይቅርታ አለች፤ ቀጥሎ ማስታወቂያው ገባ። እናት ቤቷ ሆና ልጇን ትጠብቃለቻ! ፈጠነች ጫማውን እንደያዘች ቁጭ አለች።

ሞተረኛው እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ከኋላው ተፈናጣ የነበረችው ሜላት የምትባል የነርስነት ተማሪ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ አረፈች። ለእናቷ አንድ ልጅ ነበረች። ተሳፋሪዎቹ በሰጡት ቃል ኩርባው ላይ አባዱላው መስመሩን ለቆ የሞተሩን መንገድ እንደያዘ፣ ሹፌሩም እያወራና እየሳቀ እንደነበረ ተናገሩ። እጁ እውነትም ከመሪው አልተነሳም ነበር፤ ልቡ ነው የተነሳው።

ፈጠነች ፖሊስ ጣቢያ ምሳ ይዛ ስትሄድ ጉልላት ሰሃኑን ሳይከፍት ይመልስላታል። ጢሙ አድጓል፣ ያ ሁሉ ወሬ ከአፉ ደርቋል። የዘቡ ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከየዜናው በፊት ያው ድምፅ ይመጣል። እስረኞቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፤ በኋላ እነሱም ፈርተው ዝም አሉ፣ እሱን ማየት ትተው መሬት መሬት ያያሉ።

«ፈጤ» አላት አንድ ቀን፣ የአጥሩን ሽቦ ይዞ፣ «አፌን አስዘጊልኝ።»

ሱቋን ዘግታ በቀጥታ ወደ ጎህ ኤፍ ኤም ሄደች። ሳምራ በሬዲዮ ሲሰሟት ትልቅ ሴት ትመስላለች እንጂ ገና ልጅ ነገር ናት። ፈጠነችን ስታይ ፊቷ አመድ ሆነ፤ ወንበር አቀረበችላት፣ ውኃ አመጣችላት፣ ዓይኗን ግን አላመጣችላትም።

«አለቆቼን ለምኛለሁ እትዬ። ውሉ እስከ መስከረም፣ እስከ ጊፋታ በዓል ነው አሉኝ። ድርጅቱንም ጠየቁ። የሰውየው ስም አልተጠራም፣ መልእክቱ አስተማሪ ነው፣ እንዲያውም አሁን ይበልጥ ያስፈልጋል ብለው መለሱ።»

«የሚያስተምረው ሰውዬ እስር ቤት ነው እኮ ያለው!»

«ድምፁን ፈርሞላቸዋል እትዬ። የነሱ ነው።»

«አንቺስ? የደወልሽለት አንቺ አይደለሽም?»

ሳምራ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ፈጠነች እንደ እናት ልታባብላት ዳድቷት ነበር፤ ተወችው። ማልቀሱማ ምን ያቅታል! ከጊቢው ስትወጣ የዜና ሰዓት ነበርና ባሏ ከአጥሩ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሸኛት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሽምግልና ነበር። ፍርዱን ፍርድ ቤት ይስጠው፤ ጉልላት የሚጠይቃት ግን ሌላ ነው። «ፈረዱብኝም ለቀቁኝም አንድ ነው» ይላታል። «እናትየዋ ይቅር ካላሉኝ እህል አይወርድልኝም።» እውነትም አልወርድ ብሎት እየከሳ ነው፤ ጊፋታን ማየቱንም ትጠራጠር ጀመር። ስለዚህ ወልደመስቀልን ለመነች፤ እሳቸውም የበዴሳውን የአገር ሽማግሌ አቶ ጩማን ለመኑ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄደው ከደጅ ተመለሱ። ሦስተኛው ላይ አቶ ጩማ ሴቱንም እንደ ወንዱ በሚጠራው አማርኛቸው ደወሉ፣ «ሴትዮዋ ልቡ ራርቷል። ሚስትየውም ይምጣ ብሏል።»

የሜላት እናት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቤት ከበዴሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ እንሰት መሃል ነው። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ደጅ ቆሙ፤ ፈጠነች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከኋላቸው ቆመች። «ግቡ» እስኪባሉ ንቅንቅ አላሉም። ሲገቡ ፈጠነች መጀመሪያ ያየችው የልጅቷን ፎቶ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከፎቶው ጎን፣ በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ ቀስ ብላ ታወራለች። ለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ፈጠነች ጣቢያውን አወቀችው፤ ጎህ ኤፍ ኤም ነው።

ወይዘሮዋ ዓይኗን ተከትለው አዩ። በቤታቸው የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነውና አማርኛውን ቀስ እያሉ ነው የሚያመጡት። «ሜላት ነው የከፈተው» አሉ። «ያን ቀን ጠዋት ሲወጣ፣ እማዬ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብሎ ከፍቶልኝ ሄደ። ያን ቀን ጓሮ ውዬ አልሰማሁትም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልዘጋሁትም። እንዴት እዘጋለሁ?»

ወልደመስቀል ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ አቶ ጩማ በወላይትኛ ተቀበሏቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀጥላል። ፈጠነች አንድም አልሰማች። ሬዲዮዋን ነበር የምትሰማው። ዘፈን አለቀ፣ ሌላ ዘፈን ገባ። በልቧ ሽማግሌዎቹን ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ ትላለች። በመጨረሻ ወይዘሮዋ ቀና አሉ።

«ቂም ይዤ ልጄ አይመጣም» አሉ። «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር...»

የጉልላት ድምፅ ቤቱን ሞላው። ስልክ በእጁ ይዞ የሚነዳ ሰው ይገድላል። አቶ ጩማ ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። ፈጠነች ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወይዘሮዋ ግን እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይህን ሰውዬ ልስማው» አሉ። ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። እናት ቤቷ ሆና ልጇን ትጠብቃለቻ ሲል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አፍህ ይባረክ» አሉ ለሬዲዮዋ። «ማን እንደሆነ አላውቀውም። ጠዋት ማታ ይመጣል። በዚህ አገር የእናትን ሆድ የሚያውቅ አንድ ሰው እሱ ነው። በየቀኑ እመርቀዋለሁ። ባልሽ ይህን ሰውዬ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሜላት ዛሬ አለ።»

ሽማግሌዎቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ወልደመስቀል ለእህታቸው በዓይናቸው ነገሯት፣ ዝም በይ። እውነታቸውን ነበር፤ ነገሩ ሊያልቅ አንድ ጉርሻ ነው የቀረው። አቶ ጩማ ፈጥነው ተነሱ፣ «እንግዲህ ይመርቁንና እንሂድ» አሉ። ሁሉም ተነሣ። ወይዘሮዋም ተነሡ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ይቅር ብያለሁ፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይበለው።»

«አሜን» አሉ ሽማግሌዎቹ። «አሜን» አለች ፈጠነች።

«ቤትሽን አይዝጋው።»

«አሜን።»

«ባልሽን፣ ልቡን እንደዚያ እንደ ሬዲዮው ሰውዬ ልብ ያድርግለት።»

«አሜን!» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ከሌላው ጊዜ ጮክ ብለው። የፈጠነች አፍ ግን አልከፈት አለ። ስለ ባሏ ብላ ብዙ ጊዜ ዋሽታለች፤ ለደላላ፣ ለቀበሌ፣ ለዘመድ ዋሽታለች። ይህንን ግን ልትለው አልቻለችም።

ወይዘሮዋ አዩዋት። «አሜን በዪ እንጂ የኔ እናት።»

«እትዬ» አለች ፈጠነች። ወልደመስቀል ክንዷን ያዟት፤ አስለቀቀች። «እሱ ነው።»

«ማን?»

«ሬዲዮው ላይ ያለው። ሌላ ሰው አይደለም፣ ባሌ ነው። ጉልላት ነው። ከአደጋው በፊት የቀዱት ነው፤ ይጥፋ ብለን ለመንናቸው፣ እምቢ አሉን።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅ የተዘረጋ መዳፋቸውን ማጠፍ ረስተው ቆሙ። ሬዲዮዋ ዜና ጀምራለች። አንዴ ፈጠነችን፣ አንዴ አቶ ጩማን ያያሉ፤ አቶ ጩማ አንገታቸውን ደፉ። ይህ በቃቸው። ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፣ ልጃቸው የከፈተችላቸውን ሬዲዮ በሁለት እጃቸው አነሱና ዘጉት። ቤቱ ጭር አለ።

«ልጄን ከቀበርኩ ጀምሮ» አሉ፣ ዘወር ሳይሉ። «በየቀኑ። ጠዋትም። ማታም።»

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር...»

«ምርቃቴን መልሺልኝ» አሉ ወይዘሮዋ።

ፈጠነች ከየት አምጥታ እንደምትመልስላቸው አላወቀችም። ወልደመስቀል ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ፤ እሷም ተከተለቻቸው።