ኧረ አትነሣብኝ!

የልጁ የያምሮት ሠርግ ወር ሲቀረው ክንፈሚካኤል ሰውነቱን ሊያፍታታ ቆረጠ። በሠርጓ ቀን ፊት ለፊቷ ቆሞ እስክስታ ሊወርድላት ገና ዳዴ ስትል ቃል ገብቶላታል። ችግሩ፣ ከቢሮ ወንበር ወደ ቤት ወንበር ሲመላለስ ያረጀ ሰው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣቶች ጋር ኳስ ሊጫወት ወጣ።

ወጣቶቹ ሜዳውን እየዞሩ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ እሱ ዳር ቆሞ ሳቀባቸው። «እኛ ቡሬ ስንጫወት በቀጥታ ነበር የምንገባው» አለ። ያኔ ጎረምሳ እንደነበረ፣ አሁን ግን ሃምሳ ስምንት እንደሞላው ለጉልበቱ የነገረው የለም። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲያባርር ጉልበቱ ቋ አለ፤ ኳሷ መንገዷን ቀጠለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ስሜነህ አገላብጦ አየው። «ጅማቱ ተጎዳ እንጂ አልተበጠሰም። መጀመሪያ ይረፉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እናንቀሳቅሰዋለን። ለጊዜው ብድግ ቁጭ ማለት የለም። እሺ ካሉኝ ለሠርጉ ይደርሳሉ።»

ስሜነህ የሌላ አገር ልጅ ነውና አንድ ነገር አላሰበም። ጎጃም ውስጥ የታመመ ይጠየቃል። ጠያቂ ሲገባ ደግሞ ኖር ይባላል፤ ኖር የሚባለውም ብድግ ተብሎ ነው።

በማግስቱ አጎቱ ጋሽ ዳኘው ከማንኩሳ መጡ። ክንፈሚካኤል ጥርሱን ነክሶ ተነሣ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ በማርያም፣ አትነሣብኝ!» አሉ ጋሽ ዳኘው። ግን ተነሥቶ እስኪቆም በሩ ላይ ጠበቁት።

የዕድሩ ዳኛ መጡ፤ ብድግ። የንስሐ አባቱ መጡ፤ ብድግ፣ መስቀል ሊሳለም ደግሞ ጎንበስ። ሁሉም የእረፍትን ጥቅም አስረድተውት ሄዱ፤ ሁሉንም ቆሞ ሸኛቸው።

ሚስቱ እናኑ ተንገበገበች። «አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ አልተባልህም?»

«አባን ተቀምጬ ልቀበላቸው? ምን ይሉኛል?»

«ልጅህስ ምን ትበልህ?»

ይህን ስትል በር ተንኳኳ። ተነሣ።

ስሜነህ ተመልሶ ሲያየው ጉልበቱ ድፎ ዳቦ አክሏል። «አላረፉም እንዴ?»

«ከአልጋ አልወረድሁም» አለ ክንፈሚካኤል፤ «ጠያቂ ካልመጣ በቀር።»

የሠርጉ ቀን ዳሱ በጭፈራ ሲናወጥ እሱ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ያምሮት ጉልበት ልትስም ቀረበች። ያበጠውን ትታ ደህናውን ሳመችና «አባዬ፣ እስክስታዬ ቀረ?» አለችው። ሌላ የሚችለው ስላልነበረ ከተቀመጠበት ትከሻውን መስበቅ ጀመረ።

በዚህ መሃል ጋሽ ዳኘው አርፍደው ደረሱ። ዳሱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ጋሽ ዳኘው እንደ ልማዳቸው መግቢያው ላይ ቆመው ክንፈሚካኤልን ጠበቁ። እሱ ግን ልጁን እያየ ትከሻውን ሰበቀ። ጥቂት ጠበቁና፣ ቅርም ሳይላቸው፣ ገብተው ተቀመጡ።

ያን ሁሉ ቀን ባይነሣም ኖሮ የሚሆነው ይኸው ነበር በቃ። ክንፈሚካኤል እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ሴቶቹ የደስታ መስሏቸው እልል አሉ።