የተጸዳው ኮከብ

«አጸዳሁልሽ እኮ» አለ ፎቶ አንሺው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ እያለ። የእህቱ ልጅ ግን እንዲያትምላት የሰጠችውን፣ አሁን ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ፎቶ አፍጥጣ ታየዋለች።

ፎቶው ላይ ክብ የጋዝ ቀለበት በጥቁር ሰማይ መሃል ታበራለች። አንዳች እንከን የላትም። ጉዱም ይኸው ነበር። ኮከብ ሲያረጅ የገላውን ጋዝ በየተራ እያወለቀ ይጥላል፤ መጀመሪያ የጣለው ከቀለበቱ ውጭ ደብዘዝ ያለ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ መምህራኖቿ ፊት ቆማ ልትከራከርለት የነበረው ለዚያ ጭጋግ ነው፤ ካልታየ መመረቋም አብሮ መጥፋቱ ነው። አጎቷ ደግሞ ጭጋግ እንዲተው ሙያው አይፈቅድለትም። ሌንሱ ላይ ሰው ተንፍሶበታል ብሎ ጠረገው። መሃል ላይ የነበረችውንም ነጭ ነጥብ አቧራ ናት ብሎ አነሳት።

«እሷ እኮ ኮከቡ ናት» አለች ልጅቷ፣ ባዶውን መሃል በጣቷ እያሳየች።

«ያቺ ሚጢጢ?»

«ያን ሁሉ የምታበራው እሷ ናት።»

አጎት ራሱን አከከ። እሱ ጋ የሚመጣ ሁሉ፣ ዕድሜው ገፋ ካለ፣ የፊቴን ሽብሽብ አጥፋልኝ ነው የሚለው፤ ሽብሽቤን ተውልኝ የሚል ሽማግሌ ገጥሞት አያውቅም። ደግነቱ ያልተነካካው ፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ትልቅ ወረቀት ግን የቀረው አንድ ብቻ፣ እሱም ማምሻውን ለሚመጡ ሙሽሮች የተቀመጠ። ሙሽሪትን ደግሞ ያውቃታል፤ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሙሽሪትን ለኔ ተዋት፣ ወረቀቱን ለልጅቷ ስጣት አለችው። እያጉረመረመ አወጣው። ለመሆኑ የዚህ ነገር ስም ማን ነው ሲል፣ ፕላኔታዊ ኔቡላ ይባላል፣ የፕላኔት ደመና እንደማለት ነው አለችው ልጅቷ። የትኛው ፕላኔት ነው ብሎ ጠየቀ። የትኛውም አይደለም፤ የጥንቶቹ ሊቃውንት በደካማ ቴሌስኮፕ ሲያዩት እንደ ፕላኔት ድቡልቡል ስለሆነባቸው ያወጡለት ስም ነው፤ ስህተቱ ከታወቀ በኋላም የቀየረው የለም ብላ አስረዳችው።

አጎት መቼም ዝም ብሎ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። ወረቀቱን ማተሚያው አፍ ላይ እንዳደረገ ቆም አለ።

«እነሱ ይሄን ሁሉ ዘመን ተሳስተው ማንም ምንም አላላቸውም፤ እኔን ግን ለአንድ ጠዋት ስህተት ወጥረሽ ያዝሽኝ።»

«እነሱማ ሞተው ተገላገሉ፣ ጋሼ።»